ከአሥር እስከ ሦስት

የኤሌክትሪኩን ነገር ማንም አላዘዘኝም። ራሴ ነኝ የጀመርኩት።

ኦክላንድ በገባሁ በሁለተኛው ዓመት አክስቴ ቤት፣ ከኩሽናው ጀርባ ባለች ጠባብ ክፍል እኖር ነበር። አክስቴ እላታለሁ እንጂ በሥጋ አንገናኝም፤ የእናቴ አብሮ አደግ ናት። በሱዳን በኩል በስደት መጥታ፣ ከሃያ ዓመት በላይ የሰው አገር ሽማግሌዎችን እያጠበችና እያጎረሰች፣ አንዲት ልጇን ብቻዋን አሳድጋለች። እኔ በዲቪ መጥቼ የማርፍበት ሳጣ፣ «እኔ እያለሁ የት ነው የምትሄደው?» ብላ አስገባችኝ። ኪራይ ልክፈል ስላት ተቆጣች። ቀን ቀን ኤርፖርት አጠገብ ባለ የመኪና ማቆሚያ እሠራለሁ፤ ጠዋት ገብቼ ዘጠኝ ሰዓት ላይ እወጣለሁ። በቀረው ጊዜ ግጥም እጽፋለሁ። ግጥም ያስተማረኝ ሰው የለም፤ ያኔ ደግሞ ሊያስተምረኝ የሚችል ሰው ያለ አይመስለኝም ነበር።

ኪራይ ሳይከፍል የሚኖር ሰው የሚጠቅምበት ነገር ሲፈልግ ይውላል። እኔ ያገኘሁት የኤሌክትሪክ ቢሉን ነው። በየወሩ ይመጣል፤ አክስቴ ፖስታውን ሳትከፍት ፍሪጁ ላይ ትወረውረዋለች።

«አታነቢውም?» አልኳት አንድ ቀን።

«አንብቤ ምን ላድርገው? ሳነበውም እከፍላለሁ፣ ሳላነበውም እከፍላለሁ።»

ከፈትኩት። ሁለት ምሽት ፈጅቶብኝ ገባኝ። ዋጋው እንደ ሰዓቱ ይለያያል። ከቀኑ አሥር እስከ ምሽቱ ሦስት፣ ፈረንጆቹ ከአራት እስከ ዘጠኝ በሚሉት ጊዜ፣ ሰው ሁሉ ከሥራ ገብቶ ምድጃና ማሞቂያ ሲለኩስ ኤሌክትሪክ ይወደዳል። ከዚያ በፊትና ከዚያ በኋላ ይረክሳል። አክስቴ ከሥራ ገብታ ልብስ የምታጥበው፣ ማድረቂያውን ድራየር የምታዞረው፣ ዕቃ ማጠቢያውን የምትከፍተው ልክ በውዱ ሰዓት ነበር። ማጠቡንና ማድረቁን ወደ ጠዋት አዛወርኩት። በሚቀጥለው ወር ቢሉ በግልጽ ቀነሰ። አክስቴ ፖስታውን ለመጀመሪያ ጊዜ ራሷ ከፈተችው፤ እሑድ ቤተ ክርስቲያን ስትሄድም ይዛው ሄደች። ከቅዳሴ በኋላ ለሴቶቹ ስታሳይ ቆሜ አየኋት። «ይሄ ልጅ ነው፤ ጭንቅላቱ እኮ ሌላ ነው» ትላቸዋለች።

እዚያ ላይ ብቆም ኖሮ ይህን የምጽፍበት ምክንያት አይኖርም ነበር።

አልቆምኩም። ከድራየሩ ወደ ማሞቂያው፣ ከማሞቂያው ወደ ቴሌቪዥኑ፣ ከቴሌቪዥኑ ወደ አምፖሎቹ፣ ከአምፖሎቹ ወደ ስልክ ቻርጀር ሄድኩ። ምኑ ምን ያህል እንደሚበላ አልመረመርኩም። ግራፉ ሲወርድ የማየት ሱስ ያዘኝ። ስልኬ ላይ ያለው አፕ በየሰዓቱ የተጠቀምነውን በቋሚ ዘንግ ያሳያል፤ በየጠዋቱ ከአልጋዬ ሳልወርድ የትናንቱን እያየሁ የምሽቱ ዘንግ ካጠረ ደስ ይለኝ ነበር። ሕጉንም በወረቀት ጽፌ ፍሪጁ ላይ ለጠፍኩት። በግጥም መሆኑ ነው።

አሥር ሲል አጥፉ፣ ሦስት ሲል አብሩ፤
እስከዚያ ታገሡ፣ በጨለማ ኑሩ።

ቤት መምታቱ ብቻ ነበር የታየኝ። የአክስቴ ልጅ፣ ያኔ የአሥራ ሰባት ዓመት ልጅ፣ አማርኛ ትሰማለች እንጂ መልሷ ሁልጊዜ በእንግሊዝኛ ነው። እናቷ እንድታነብላት ጠይቃ ሰማችና ወደ እኔ ዞረች።

«ሲሪየስሊ? ዩ ዶንት ኢቨን ፔይ ሬንት።»

«ምን አለች?» አለች አክስቴ፣ በደንብ እየሰማች።

«ኪራይ እንኳ አትከፍልም አለችኝ።»

«አንቺ! ለእኛ ብሎ እኮ ነው!» ብላ ገሠጸቻት። ልጅቷ ወደ ክፍሏ እየሄደች የኮሪደሩን መብራት ሆን ብላ አበራች። ተከትዬ አጠፋሁት።

አክስቴ ግን ሕጉን ጠበቀች። በባሕርይዋ ያደረችበትን ቤት የምታከብር ሴት ናት፤ የራሷን ቤት እንኳ እንደ እንግዳ ነው የምትኖርበት። ዘጠኝ ተኩል ላይ ከሥራ ትገባለች፣ ጫማዋን ሳታወልቅ ወጥ ትጥዳለች፣ አሥር ሲል ታጠፋለች። ከዚያ የኩሽናው ወንበር ላይ ብርድ ልብስ ደርባ ትቀመጣለች። የዚህ አገር ክረምት ነው፤ በአሥራ አንድ ሰዓት ይጨልማል። አንዳንዴ ከክፍሌ ስወጣ እዚያው በጨለማ ተቀምጣ አገኛታለሁ።

«ስንት ሰዓት ሆነ?» ትለኛለች።

«ገና አንድ ሰዓት ተኩል።»

«እሺ። ምንም አይደል፤ ጸሎት ይዣለሁ።»

በዚያ ክረምት ጸሎቷ ለማን እንደሆነ አውቅ ነበር። ደሴ ያለች ታላቅ እህቷ ታማ ነበር። እናታቸው ቀድማ ስለሞተች እሷን ያሳደገቻት ይህች እህቷ ናት። ሐኪሞቹ ወደ ቤት መልሰዋታል። ይህ ማለት ምን እንደሆነ ሁላችንም ገብቶናል፤ ማንም ግን አይናገረውም።

አንድ ቅዳሜ ጠርታ አጠገቧ አስቀመጠችኝ። የአባቷን ሞት እንዴት እንደሰማች የነገረችኝ ያን ቀን ነው። ያኔ ሳን ሆዜ ነበረች፤ በአንድ የአረጋውያን ቤት ትሠራ ነበር። ልብስ ማጠቢያ ክፍል ውስጥ አንሶላ እያጠፈች ሳለ ስልኳ ጮኸ። የሩቅ ዘመድ ነው፤ የተነገራት መስሎት «እግዚአብሔር ያጽናሽ» አላት። አብራት የምትሠራ አንዲት ሐበሻ ጓደኛ ነበረቻት፤ ያን ቀን እረፍቷ ነበር። የሚይዛት ሰው አልነበረም። ማሽኖቹ ይዞራሉ። አንሶላውን አጥፋ ጨረሰች፤ ፈረቃዋንም ጨረሰች።

«በቁሜ ነው የሰማሁት» አለችኝ። «ቁጭ በይ የሚለኝ እንኳ ሳይኖር። እና አሁን ስማኝ። እህቴ እየደከመች ነው። የሚመጣው ከመጣ በስልክ አልሰማም። መርዶዬን ሰው ይንገረኝ። እንደ ወጉ ተሰብስበው ይምጡና እጄን ይዘው ይንገሩኝ። መጀመሪያ የሚደውሉት ለአንተ ነው፤ የቤቱ ሰው አንተ ነህ፤ ልጄ አማርኛው ያስቸግራታል። ስልክህን አንሳ። ሌላ ምንም አልጠይቅህም።»

«እሺ አክስቴ። ግን ትድናለች።»

«ዶክተር ሆንክ? አንተ እኮ ገጣሚ ነህ» ብላ ጉልበቴን መታ አደረገችኝ። ለማኅበራችን ሰብሳቢም ቁጥሬን ሰጠች። ሰብሳቢው የታክሲ ሾፌር የነበሩ፣ አሁን ጡረታ የወጡ ሽማግሌ ናቸው፤ በአካባቢው መርዶ የሚነገረው ሁልጊዜ በእሳቸው ነው።

ሦስት ሳምንት ያህል ቆየ። ኅዳር አጋማሽ ላይ፣ አንድ ረቡዕ፣ ከሥራ ስገባ አሥር ሰዓት አልፏል። ልጅቷ የመረብ ኳስ ውድድር ስለነበራት የእናቷን መኪና ይዛ ወጥታለች። አክስቴ ወጧን ከድና መብራቱን አጥፍታለች። ስልኬ ኪሴ ውስጥ ጮኸ፤ ባትሪው ሊያልቅ ነው።

«ሰካው እንጂ» አለችኝ።

«ሦስት ሰዓት ሲል እሰካዋለሁ።»

«እንዴ! ስልክ ደግሞ ስንት ሊበላ?»

«ሁሉም ትንሽ ትንሽ ነው የሚበላው፤ ቢሉን የሚሞላው እሱ ነው» አልኳት። መምህር መስዬ ነበር የምናገረው።

«እሺ ጌታዬ» አለች። ሳቀች።

ቤቱ ሲጨልም መጻፍ ስለማልችል በውዱ ሰዓት መውጣት ልማዴ ነበር። አውቶቡስ ይዤ ወደ ሐይቁ ወረድኩ። በዳርቻው መብራት የተንጠለጠለበት መንገድ አለ፤ የከተማው መብራት ነው፣ እኔ አልከፍልበትም። አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጬ ደብተሬን ዘረጋሁ። አሥራ አንድ ሰዓት ሲሆን ስልኬ ጠፋ። እውነቱን ልናገርና፣ ደስ አለኝ። ማንም አያቋርጠኝም አልኩ። ያን ምሽት የጻፍኩት ስለ ውኃና ስለ ብርሃን ነበር፤ ስምንት መስመር። ደብተሩ አሁንም አለኝ፤ ገጹን አልከፍተውም።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ያወቅሁት ከሽማግሌውና ከአክስቴ ከራሷ ነው።

እህቷ ደሴ ላይ ያረፈችው ያን ቀን ነው። ወሬው ለሽማግሌው ደረሳቸው። ለእኔ ደወሉ፤ ስልኩ ዝግ ነው። ደግመው ደወሉ። አምስት ጊዜ ደውለዋል። ነገሩ ማደር የለበትም፣ ስልክ ይቀድመናል ብለው ባለቤታቸውንና አንዲት የማኅበር እናት ይዘው አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ መጡ። ቤታችን ፊት ለፊት መኪና አቆሙ። የአክስቴ መኪና የለም። መስኮቶቹ ሁሉ ጨለማ ናቸው። የጎረቤቶቹ ቤቶች ግራና ቀኝ በርተዋል፤ የእኛ ብቻ የለም። ከመኪና ወርደው፣ ቤቱ ባዶ ስለመሰላቸው ሳያንኳኩ፣ በሩ አካባቢ ቆመው ተማከሩ። «ከልጅቷ ጋር ወጥታለች» አሉ ባለቤታቸው። «ሥራ ደርባ ይሆናል» አለች ሌላዋ። ሽማግሌውም «መርዶ መቼም የንጋት ነው፤ ሌሊቱን ልጁን አግኝተን ጎሕ ሲቀድ እንምጣ» አሉ። ተመለሱ።

አክስቴ ከበሩ አሥራ አምስት እርምጃ በማይሞላ ርቀት፣ ኩሽና ውስጥ፣ ብርድ ልብሷን ደርባ ተቀምጣ ነበር።

እኔ የገባሁት ከሦስት ሰዓት ትንሽ አልፎ ነው። ቤቱ አሁንም ጨለማ ነው። ሰዓቱ አልፎም አላበራችም፤ እንዴት ያለች ጠንቃቃ ሆናለች ብዬ በልቤ አደነቅኋት። ይህን ማሰቤን ለማንም ተናግሬ አላውቅም።

አምፖሉን ሳበራ ወለሉ ላይ ነበረች። ጀርባዋን ለምድጃው ሰጥታ፣ እግሯን ዘርግታ። ነጠላዋ መሬት ላይ ነው። ስልኩ ጭኗ ላይ ነው።

«ሰማሁ» አለችኝ። ድምፅዋ አልቋል።

ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ሳይሆን ሌላ ስቴት ያለች የአጎቷ ልጅ ናት የደወለችላት። እያለቀሰች። የተነገራት መስሏት።

አጠገቧ ተቀመጥኩ። እጇን ልያዝ ስል እጇ በረዶ ነው። ለእኔ ሳይሆን ለምድጃው የምትናገር መስላ እንዲህ አለች፦

«ቅድም እኮ መኪና ሲዘጋ ሰምቻለሁ። ሰው ሲያወራም ሰማሁ። በአማርኛ ነው። ልቤ ተነሺ አለኝ። መብራት ላብራና ልይ አልኩና፣ ገና ሰዓቱ አልደረሰም ብዬ ተቀመጥኩ። የጎረቤት እንግዳ ነው አልኩ። በዚህ ሰፈር አማርኛ የሚያወራ ጎረቤት አለን? የለንም እኮ።»

አልወቀሰችኝም። ብትወቅሰኝ ይቀለኝ ነበር።

ሊነጋ ሲል በሩ ተንኳኳ። ሦስቱም ነጭ ለብሰው ቆመዋል። እኔን ገለል አድርገው በዝግታ ሊነግሩኝ ሲጀምሩ አክስቴ ከኋላዬ መጣች። «ጋሼ፣ ተረድቻለሁ» አለቻቸው። ሽማግሌው የያዙትን ቃል የት እንደሚያደርጉት ጠፋቸው። መንገዱን ሙሉ ሲያሰናዱት መጥተው ይሆናል፤ አፋቸው ላይ ቀረ። ሴቶቹ ግን ሄደው አቀፏት፤ ያኔ ነው ጮኻ ያለቀሰችው፣ ማታ ሙሉ ያልወጣላት። ዘግይቶ እንኳ ምን ያህል እንደሚያስፈልጋት ያን ጊዜ አየሁ።

ሽማግሌው ወደ እኔ ዞሩ። «ደውለን ነበር እኮ የኔ ልጅ።»

«ስልኬ ተዘግቶ ነበር ጋሼ።»

«ምነው፣ ተበላሽቶ ነው?»

«አዎ» አልኩ። «ተበላሽቶ ነው።»

እሳቸውም «አይ የዘንድሮ ዕቃ!» ብለው ትከሻዬን ያዙኝ። ባያምኑኝ ይሻል ነበር።

ለቅሶው ሦስት ቀን ቤቱን ሞላው። ከሥራ የሚወጣ ሁሉ የሚመጣው በምሽት ነው፤ ልክ በእነዚያ ሰዓቶች። በሩ አይዘጋም። የሳሎኑ፣ የኩሽናው፣ የኮሪደሩ፣ የበረንዳው መብራት ከአሥር ሰዓት ጀምሮ ይበራል፤ ማን ያጠፋዋል? ወረቀቱን ልጅቷ ከፍሪጁ ላይ ገንጥላ ጣለችው። ምግቡ ከየቤቱ በድስት በድስት ይመጣል፤ በለቅሶ ቤት አይጣድም። ማሞቂያም አልተከፈተም፤ በሰው ትንፋሽ መስኮቶቹ ያልባቸዋል።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት፣ ከልማድ የተነሣ፣ አፑን ከፈትኩ። የሁለቱ ምሽቶች ዘንጎች ሕጉን ከመለጠፌ በፊት ከነበሩት ምሽቶች ያጥራሉ። ስልኩን ዘግቼ ከፈትኩት። ያው ነው። ቤቱ ሙሉ እንደ በዓል በርቶ፣ ምድጃና ማሞቂያ ስላልነካን ብቻ፣ ምንም አልበላም። የጣራውን አምፖሎች ወንበር ላይ ወጥቼ አየኋቸው፤ ልጅቷ ድሮ የቀየረቻቸው ትንሽ የሚበሉት ዓይነት ናቸው። ድራየሩ አንድ ጊዜ ሲዞር በሚፈጀው ኃይል የኩሽናችን አምፖል ስንት ምሽት እንደሚበራ አሰላሁት። ቁጥሩን መጻፍ አልፈልግም። የስልኬንማ አላሰላሁትም።

ያን ቀን ከሰዓት በኋላ ከሳን ሆዜ አንዲት ሴት መጣች። አክስቴ አንሶላ ስታጥፍ እረፍቷ የነበረው ያች ጓደኛዋ ናት። ከዚያ ወዲህ ሥራም ሰፈርም አልቀየረችም። አብረው አለቀሱ፣ የድሮውን አወሩ፣ ትንሽም ሳቁ። ለቅሶ ቤት መጨረሻው ላይ ወሬው ወደ ኑሮ ይዞራል፤ ሴትየዋ ስለ ኤሌክትሪክ ቢሏ ማማረር ጀመረች።

«ብቻዬን ነኝ እኮ የምኖረው! ማን ነው የሚበላው? ሰይጣን ነው?»

«አትጨነቂ፤ እሱን ጠይቂው» አለች አክስቴ ወደ እኔ እየጠቆመች። ፊቷ ከለቅሶው አብጦ፣ አሁንም በእኔ ትኮራለች። «የእኛን እሱ ነው ያስተካከለው።»

ሴትየዋ ስልኳን አወጣች፤ ልትጽፍ። የማውቀውን ነገርኳት። ልብስ ማጠብና ማድረቅ ከአሥር ሰዓት በፊት ወይ ከምሽቱ ሦስት በኋላ። ማሞቂያውም ቀደም ብሎ ቤቱን አሙቆ በውዱ ሰዓት ዝቅ ማድረግ። እስከዚህ ድረስ እውነት ነው።

«አምፖልስ? አምፖል ይበላል?»

አክስቴ ከጎኗ ካለችው ሴት ጋር የጀመረችውን ወሬ አቋረጠች። ተመለከተችኝ። ምንም አልጠረጠረችኝም፤ መልሱን መስማት ብቻ ነበር የፈለገችው። አይበላም ብላት ያ ምሽት ምን እንደነበር ታውቃለች። ከወንበሯ ያስቀረት ነገር ባዶ እንደነበር፣ እነዚያ ሰዎች ባዶ ነገር መልሷቸው እንደሄዱ ታውቃለች። ይህን ያሰብኩት ለእሷ ነው ብዬ ለረጅም ጊዜ ራሴን አሳምኜ ነበር። አልነበረም፤ ለራሴ ነው።

«ይበላል» አልኩ።

«ብዙ?»

«ብዙ ነው።»

አክስቴ ራሷን ነቀነቀች፤ ደረቷ ላይ የነበረ ነገር ትንሽ የወረደ መሰለኝ። ሴትየዋ «አምፖል» ብላ ጻፈች።

ከዚያ ወዲህ ከአክስቴ ቤት ወጥቻለሁ። ሥራ ሳን ሆዜ አግኝቼ ከሌሎች ሁለት ልጆች ጋር እኖራለሁ፤ የሴትየዋ ቤት በላይት ሬይሉ ባቡር ስድስት ፌርማታ ነው። ቁጥሯ አለኝ። አንድ ደቂቃ የማይፈጅ ነገር ነው፤ «እትዬ፣ ያን ጊዜ ተሳስቼ ነው፣ አምፖሉን ያብሩት» ማለት። ግን ከነገርኳት ለአክስቴ ትነግራታለች።

ባለፈው እሑድ አክስቴ ደወለችልኝ። ስለ ሥራዬ፣ ስለ ጤናዬ፣ ምን እንደምበላ ጠየቀችኝ። ከዚያ ወሬ አመጣች።

«ጓደኛዬ እኮ ቢሏ ቀነሰላት። መርቂልኝ ብላለች። በጨለማ ስትደናበር ግን የእግሯ ጣት ጠረጴዛ መትቶት አብጧል፤ ጫማ አልገባ ብሏት በነጠላ ጫማ ነው ሥራ የምትሄደው!»

ብላ ከልቧ ሳቀች። እህቷ ከሞተች ጀምሮ እንደዚያ ስትስቅ ሰምቻት አላውቅም።

እኔም አብሬያት ሳቅሁ።